ማዳበሪያ የደረሰበት ሁሉ ምርት አይደርስበትም

«የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ማዳበሪያውን በጊዜ ካመጣልን ምርቱ የት ይቀራል?» በምዕራብ ጎጃም ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ገበሬውም የግብርና ሠራተኛውም የሚለው ይህንኑ ነው። የስንቱን ገበሬ ገንዘብ አፈር ውስጥ ያስቀረ እምነት ስለሆነ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

መሠረት የለውም አይባልም። የጃቢ ጠህናንና የወምበርማ በቆሎ ማዳበሪያ ይወዳል። ማዳበሪያው ደግሞ ከጅቡቲ ተነሥቶ በማኅበራቱ ዩኒየን መጋዘን አልፎ ገበሬው እጅ የሚገባው በአብዛኛው በመሠረታዊ ማኅበሩ በኩል ነው። ግንቦት ላይ መጋዘኑ ባዶ ከሆነ ዝናቡ ማንንም አይጠብቅም።

ነገር ግን አፈሩስ? የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር፣ በተለይ የሰከላና የቋሪት ደጋ፣ ዝናብ ለዘመናት ያጠበው አሲዳማ አፈር ነው። ብረቱና አሉሚኒየሙ የማዳበሪያውን ፎስፈረስ ይዘው ለሰብሉ አይለቁለትም። ከዚህ ማሳ ገብስ ነቅለው ሥሩን ቢያዩት አጭር ነው፤ ጫፉ ደንድኗል፤ ወደ ታች መውረድ አቅቶታል። እዚህ አንድ ኩንታል ያላዳነውን ሁለት ኩንታል አያድነውም። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራ ግን ብዙ ጊዜ በሄክታር 20 ኩንታልና ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ አንድ ገበሬ በአህያ የሚዘልቀው አይደለም። አፈር አስመርምሮ፣ መኪና ተከራይቶ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ማስጫን የማኅበር ሥራ ነበር።

ታዲያ «ይህን ያህል ሺህ ኩንታል አሠራጭተናል» ብሎ ሪፖርቱን የሚዘጋ ኃላፊ ምን ነገረን? የተሸጠ ማዳበሪያ የታፈሰ እህል አይደለም። «በሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ» እያለ ደጋውንም ወይና ደጋውንም በአንድ ቁና ሲሰፍር የኖረው ምክር ስንቱን አክስሯል! ዩሪያውም ቢሆን መሬት ላይ ተበትኖ አፈር ካልለበሰ ናይትሮጅኑ በንኖ ይጠፋል።

ተመራማሪው ጋሻው ታደሰና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት የማኅበር አባላትን አባል ካልሆኑ ተመሳሳይ ገበሬዎች ጋር አነጻጽሯል። አባላቱ ባላቸው ግብዓት በማምረት ብቃት በአማካይ 5 በመቶ ያህል ይበልጣሉ። ልዩነቱ የመጣው ከጆንያው ብዛት ሳይሆን ከአጠቃቀሙ ነው።

ስሕተቱ በማዳበሪያ ብቻ አያበቃም፤ «የማኅበሩን ምርጥ ዘር ከጎተራዬ መልሼ እዘራለሁ» የሚሉም አሉ። ለስንዴ ይሆናል። እንደ ቢኤች 660 ያለ ዲቃላ በቆሎ ግን ተመልሶ ሲዘራ ምርቱ ይወርዳል።

አዛውንቶቹ ደግሞ «ማኅበር ማለት መሬት መቀላቀል ነው» ይላሉ። በደርግ ዘመን ያዩትን ነውና አይፈረድባቸውም፤ በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ መሬት የቀላቀሉት የአምራች ማኅበራት የፈረሱት በወራት ውስጥ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ግን አባልነት በፈቃድ ነው፤ ማሳውንም እያንዳንዱ ለየራሱ ያርሳል። አመራሩን የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው ስለሆነ አባሉ ኖራውን የመጠየቅ መብት አለው። ኖራ ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበትና ጥያቄው ማዳበሪያ እስኪመጣ አይቆይ፤ ጥር ላይ ይነሣ።