ሞተር የማይጮህበት ማጣሪያ

ፍሳሽ ማጣሪያ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ኮንክሪት፣ ፓምፕና ሌት ተቀን አየር የሚነፋ ሞተር ነው። ለ300 ነዋሪ መንደርም እንዲህ ያለውን መትከል ይቻላል፤ አስቸጋሪው ማቆየቱ ነው። መብራት ለቀናት ከጠፋ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች አየር አጥተው ይሞታሉ፣ መለዋወጫው ከሩቅ ይመጣል፣ ባለሙያውም ደመወዝ ይጠይቃል። በገጠር የሰነበቱት ዘዴዎች ከዚህ ሁሉ የሚሸሹት ናቸው።

አንጋፋው ሴፕቲክ ታንክ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ሙራስ እ.ኤ.አ. በ1881 የፈጠራ መብት ያስመዘገበለት ይህ የተቀበረ ገንዳ ዝቃጩን ከታች፣ ቅባቱን ከላይ አስቀርቶ የመሐሉን ውሃ ጠጠር ወደተሞላ ቦይ ይለቃል። የቀረውን ሥራ አፈሩ ይጨርሳል። መረሬ ላይ ግን ውሃው መስረጊያ አጥቶ ይተኛል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ደግሞ የጎረቤት ጉድጓድ ይበከላል።

ከዚህ የተሻለ ነገር የመጣው ከረግረግ ነው። ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ኬቴ ዛይድል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የውሃ ዳር ተክሎች የቆሸሸ ውሃን እንደሚያጠሩ በሙከራ አሳየች። ሐሳቡን ለመንደር የሚመች አድርገው ያሳደጉት ግን ፈረንሳዮች ናቸው፤ ዛሬ በአገሪቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ቀበሌዎች ፍሳሻቸውን በሸምበቆ ማሳ ያጣራሉ። ያልተጣራው ፍሳሽ በቀጥታ ጠጠር ላይ ይፈስሳል፤ ቦታው ተዳፋት ከሆነ ውሃውን በየጊዜው የሚለቀው ያለ መብራት የሚሠራ ሳይፎን ነው። የመጀመሪያው ደረጃ በሦስት መደብ ይከፈላል፦ አንዱ ለጥቂት ቀናት ሲጠጣ ሁለቱ ያርፋሉ፣ በእረፍቱም አየር ወደ ጠጠሩ ይገባል። ዝቃጩ ላይ ላዩን እየተከመረ ቢሄድም፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው የሸምበቆ አገዳ ቀዳዳ እየከፈተ እንዳይደፈን ያደርገዋል። ክምሩ የሚጠረገው ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ለአንድ ሰው 2 ካሬ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ የእንክብካቤው ሥራም በሳምንት ሁለቴ ቧንቧ መቀያየርና በዓመት አንድ ጊዜ ሸምበቆ ማጨድ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በቧንቧ የሚፈስ ነገር ሲኖር ነው። ኢትዮጵያ በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ያቀደችው በቀን ለአንድ ሰው 25 ሊትር ውሃ፣ ያውም እስከ 1 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ ተሄዶ የሚቀዳ ነበር። በጄሪካን ተሸክመው ባመጡት ውሃ ቆሻሻን በቧንቧ መግፋት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የገጠሩ ጥያቄ የደረቅ ጉድጓድ መጸዳጃ ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል። በዚህ ረገድ የተሄደበት መንገድ አጭር አይደለም፦ የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ የጋራ ክትትል እንደሚያሳየው፣ ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው ኢትዮጵያዊ እ.ኤ.አ. በ1990 ከነበረበት 92 በመቶ በ2015 ወደ 29 በመቶ ወርዷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መዞር እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። ጉድጓዱ ሲሞላ ምን ይደረግ ለሚለው፣ ከዚምባብዌ የመጣው አርቦርሉ የሚባል መጸዳጃ መልስ አለው፦ ጉድጓዱ 1 ሜትር ገደማ ብቻ ይቆፈራል፣ ሲሞላ አፈር ይለብስና ፓፓያ ወይም አቮካዶ ይተከልበታል፣ መጸዳጃ ቤቱም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ሰፊ ጓሮ ላለው ጥሩ ነው፤ መሬት ለጠበበበት አርሶ አደር ግን ብዙም አያራምድም።

በገጠር በብዛት የሚፈስ ቆሻሻ የሚገኘው ግን በቡና አገር ነው። በሲዳማ፣ በጌዴኦና በጅማ እሸት ቡና የሚፈለፍሉና የሚያጥቡ ጣቢያዎች በለቀማው ወራት የሚለቁት ውሃ ኮምጣጣና ስኳር የበዛበት ሲሆን፣ ወንዙን ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ በከፋ ሁኔታ ኦክስጅን ያሳጣዋል። በታችኛው መንደር ውሃ የሚቀዱ ሴቶችና ከብት የሚያጠጡ እረኞች ሽታውን ቀድመው ያውቁታል። በምዕራብ ኢትዮጵያ አንዳንድ ጣቢያዎች ውሃውን ቬቲቨር ሣር በተተከለበት ማሳ ላይ ማሳለፍ ጀምረዋል፤ ትንሽ ውሃ የሚጠቀሙ መፈልፈያዎችም ገብተዋል። የሁለተኛው ጥቅም ይበልጣል፣ ማሳው የሚሸከመውን ፍሳሽ ከምንጩ ይቀንሳልና። ሣሩን የሚፈትነው ደግሞ የፍሳሹ አመጣጥ ነው፤ ዓመቱን በሙሉ መሆኑ ቀርቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ተጠራቅሞ ይወርድበታል።