ጌረርሳውና ኪቦርዱ

በዲጋም ሆነ በነቀምቴ ሠርግ የታደመ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም፤ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር፣ ከዚያ በቃ ጭፈራ ነው። ዲጋ ውስጥ በታደምኩበት አንድ ሠርግ ላይ ግን አንድ ሽማግሌ ጌረርሳ ሊሉ ተነሡ። ልጁ የማሽኑን ምት አላቆመም። እሳቸው ትንፋሽ ሰብስበው ቃሉን ሲያስረዝሙ ምቱ ጥሏቸው ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ሞክረው አልሆን ሲላቸው ተቀመጡ። ታዲያ ጥፋቱ የማሽኑ ነው? በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ይህንኑ ነው።

ባህላዊ ሙዚቃና ኤሌክትሮኒክ ድምፅ ሲገናኙ ሁለት ነገሮች ይጋጫሉ።

አንደኛው ቅኝት ነው። ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ 12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል። ማሲንቆ ግን ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው፤ ጣት ደስ ባለው ቦታ ያርፋል፣ ይንሸራተታል። ክራርም የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። በተለይ አንቺሆዬ በኪቦርድ ሲመታ ለጆሮ የሆነ ነገር የጎደለ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምት ነው። ድራም ማሽን በደቂቃ 120 ተብሎ ከተሞላ ያው 120 ነው፣ ማንንም አይጠብቅም። ጌረርሳ ደግሞ በትንፋሽና በቃል ርዝመት ነው የሚሄደው።

ይሁን እንጂ ሁለቱን ያስታረቁ አሉ። በዋሊያስ ባንድ የሚታወቀው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ ቆየት ያሉ ዜማዎችን በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሙግ ሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን ቀረጸ። ማሽኑ ምቱን ይይዛል፣ አኮርዲዮኑ ግን እንደ ዘፋኝ ይተነፍሳል። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ተሰማ። ከሱ በኋላ የመጡት እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» አሉት፤ የሚካኤል «ዘላለም» የወጣው በ2016 ነው። ባህላዊ መሣሪያን በኪቦርድ ቁልፍ ከማስመሰል ይልቅ ድምፁን ራሱን ቀርጸው ወደ ኮምፒውተር ያስገባሉ።

ችግሩ የኛ ብቻም አይደለም። የአልጄሪያው ራይ በ1980ዎቹ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን አስገብቷል። ለአረብ አገር ሙዚቃ የሚሠሩ ኪቦርዶች እያንዳንዱን ኖታ ለብቻው ከፍና ዝቅ ማድረጊያ አላቸው። እኛም ብንጠቀምበት አንቺሆዬን ወደ ቦታው ማቅረብ ይቻላል።

እንግዲህ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ የአጠቃቀም ነው። ሽማግሌው ሲነሡ ምቱን አጥፍቶ አንድ ረጅም ወፍራም ድምፅ ከሥር መያዝ ይበቃ ነበር። ጌረርሳው ሲያልቅ ምቱ ይመለሳል፣ ጭፈራው የትም አይሄድም እኮ! ኪቦርድ የምትጫወቱ ተማሪዎች ክረምት ወደየቤታችሁ ስትገቡ ይህን ሞክሩት። ከሁሉ በፊት ግን ጌረርሳ የሚያውቁ አባቶችን ያለ ምንም ምት፣ እንዳሉት አድርጋችሁ ቅረጹ። ቅልቅሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።