ሁለት ሚሊዮን መልስ ስለምን ሳተ?

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ አስቀድመን ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ የልኬት ስህተት ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አንደኛው የዘፈቀደ ስህተት ሲሆን፣ ልኬቱን ደጋግመን አማካዩን ስንወስድ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛው ሥርዓታዊ ስህተት ነው፤ ዜሮው በተዛባ ሚዛን አንድን ዕቃ ሺህ ጊዜ ብንመዝን ሺህ ጊዜ እንሳሳታለን። ይህ ልዩነት የምርጫ ትንበያንና የሕዝብ ቆጠራን ለመመርመርም ይረዳናል።

እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ዋዜማ «ሊተረሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን መጠይቆች በፖስታ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልሶች ሰበሰበ። ናሙናው በትክክል በዕጣ የተመረጠ ቢሆን ኖሮ የስህተት ወሰኑ ከ0.1 በመቶ በታች በሆነ ነበር። ሆኖም መጽሔቱ 43 በመቶ ድምፅ ያገኛሉ ያላቸው ሩዝቬልት 61 በመቶ ገደማ አግኝተው አሸነፉ። አድራሻዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በዚያም ላይ ከአራት ተጠያቂዎች ሦስቱ ያህል አልመለሱም። በአንጻሩ ጆርጅ ጋሉፕ እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን ለይተው ነበር።

በቆጠራስ ሁሉም ሰው ይጠየቅ የለምን? ሁሉንም መጠየቅ የናሙናን ስህተት ያስቀራል፤ ሥርዓታዊውን ግን አያስቀርም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ2007 በተካሄዱት ቆጠራዎች ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ሰዎች ከአጠገባቸው ካሉት ዕድሜዎች በዝተው ይታያሉ። የ30 ዓመት ሰዎች ከ29 እና ከ31 ዓመቶቹ የበዙት በዚያ ዓመት ብዙ ሕፃናት ስለተወለዱ አይደለም፤ የልደት መዝገብ በሌለበት ዕድሜ በግምት ስለሚነገር ነው። ይህን አኃዝ እንዳለ ወስዶ ለ10 ዓመት ልጆች ክፍል የሚያዘጋጅ ዕቅድ አውጪ በዕድሜው ለሌሉ ልጆች ወንበር ይሠራል፤ የ9 እና የ11 ዓመቶቹን ደግሞ ያጎድላል። ስለዚህም ባለሙያዎች ዕድሜን በአምስት ዓመት ምድብ ማጠቃለልን ይመርጣሉ።

አንባቢያችን ይህን ራሱ ሊፈትን ይችላል። ከቆጠራው ዘገባ ከ23 እስከ 62 ዓመት ያሉትን ሰዎች ይደምር፤ ከእነርሱም ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 የሚያልቀው ስንት እጅ እንደሆነ ያስላ። ውጤቱ ከአንድ አምስተኛ እጅግ ከበለጠ፣ ሠንጠረዡ ከዕድሜ ይልቅ የግምትን ልማድ እየለካ ነው።