አተላና ድኝ

እዚህ ሜሪላንድ የአትክልት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ድኝ ሁልጊዜ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ሰው ባለቀለሙን ጠርሙስ አንስቶ ይሄዳል፤ ቢጫውን ዱቄት ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አዛሊያና ብሉቤሪ ለሚያሳድግ ሰው ግን ከእሱ የሚበልጥ አላገኘሁም።

አገር ቤት ደጋው ላይ የአፈር አሲድ ሰብል ስለሚጎዳ ገበሬው ኖራ ይበትናል። እነዚህ ቁጥቋጦዎች ግን አሲዱን ነው የሚፈልጉት፤ ድኝም የሚጠቅማቸው አፈሩን አሲዳማ ስለሚያደርግ ነው። ለብሉቤሪ የአፈሩ የአሲድ መለኪያ፣ ፒኤቹ፣ ከ4.5 እስከ 5.5 ቢሆን ይስማማዋል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ባለሙያ ፍሬድሪክ ኮቪል ይህን ጠባዩን በ1910 እ.ኤ.አ. ጽፎ አስረዳ፤ ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ለም አፈር ላይ እየተከለ ይደርቅበት ነበር።

አሁን አፈር ያኮመጥጣል ወደሚባለው የቡና አተላ ልምጣ። ጎረቤቴ እማማ ቡና ባፈሉ ቁጥር አተላውን አዛሊያቸው ሥር ይደፉ ነበር። አንድ ቀን ጠርተው አሳዩኝ። ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኗል፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ነው።

«ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ቡና እያበላኋት ምነው ገረጣች?»

«እማማ፣ የቡናውን አሲድ እኮ እኛ ጠጥተነዋል።»

እውነቴን ነው። አሲዱ በውሃ ስለሚሟሟ ወደ ሲኒው ይወርዳል፤ በተለይ የእኛ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስቴ ፈልቶ አተላው ላይ ምን ይቀራል? ይባስ ብሎ ተቆልሎ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይጠነክርና ውሃ አላሳልፍ ይላል። «ቡና አፈር ያኮመጥጣል» እያሉ ለሰው የሚመክሩ ሁሉ እባካችሁ ተዉ።

ቢጫው ደግሞ ብረት ከአፈሩ ስለጠፋ አልነበረም። ፒኤቹ ከፍ ሲል፣ ማለትም አሲዱ ሲቀንስ፣ ብረቱ ይታሰርና ሥሩ ሊስበው አይችልም። አዛሊያዋ ከተተከለችበት የሲሚንቶ ግድግዳ ሥር ደረቅ አፈር ዘግኜ ሳህን ላይ አደረግሁና ኮምጣጤ ጠብ አደረግሁበት። ትሽ ብሎ አረፋ አወጣ፤ ከሲሚንቶው የወረደ ኖራ አለበት ማለት ነው። እንዲህ ያለ አፈር ላይ ድኝ መበተን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ኖራው ይውጠዋል። ስለዚህ አዛሊያዋን ከነአፈሯ አንስተን ከግድግዳው አርቀን ተከልናት።

ድኝ ራሱ አሲድ አይደለም። አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው በልተው ወደ ሰልፈሪክ አሲድ የሚለውጡት። ሙቀት፣ እርጥበትና አየር ይሻሉ፤ በክረምቱ ብርድ ሥራ ያቆማሉ። ስለዚህ ውጤቱ ወራት ይፈጃል። በሁለት ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ የሚደግም ሰው ተክሉን ያቃጥላል። ፒኤች በአንድ ቁጥር ወረደ ማለት አሲድነቱ አሥር እጥፍ ጨመረ ማለት መሆኑ አይረሳ። አሸዋማ አፈርን አንድ ቁጥር ለማውረድ ለ10 ካሬ ሜትር ግማሽ ኪሎ ያህል ድኝ ይበቃል፤ ሸክላማው ከዚያ እጥፍ በላይ ይፈልጋል። መጀመሪያ ግን አፈሩን አስመርምሩ።

ለእማማ አዛሊያ አዲሱ ቦታ ላይ ጥቂት እፍኝ ብቻ በተንን። በዓመቱ ለጋው ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። አተላውን አሁን የሚደፉት የብስባሽ ክምር ላይ ነው።