የጥንት ሰዎች የመሣሪያ ድንጋያቸውን ከወዴት ያመጡ ነበር?

በጎንደር ድንጋይ አይቸግርም። ይሁን እንጂ ለግንብ የሚሆን ድንጋይ ሁሉ ለስለት አይሆንም። ስለዚህ ብረት ከመታወቁ በፊት የነበሩት ሰዎች የመሣሪያ ድንጋያቸውን ከወዴት ያገኙ እንደ ነበረ ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ለስለት የሚመረጠው ገላው ደቃቅና ወጥ የሆነ ድንጋይ ነው፤ ሲመታ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሆነ ስንጥር ይወጣዋል። በደጋችን የሞላው ባዛልት ለከባድ መሣሪያ ይበቃል፤ ለቀጭን ስለት ግን የቡላድ ድንጋይና ባልጩት ይበልጡታል። የቡላድ ድንጋይ ከወንዝ ጠጠር መካከል ሊለቀም ይችላል። ባልጩት ግን የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ፈጥኖ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ጥቁር መስታወት በመሆኑ፣ በአገራችን በይበልጥ የሚገኘው በስምጥ ሸለቆና በአካባቢው ነው።

ባልጩት በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች መጠን እንደ መገኛው ይለያያል። መርማሪዎችም ይህን ለክተው መሣሪያው ከየትኛው ስፍራ እንደ መጣ ያውቃሉ። የመልካ ቁንጡሬ ሰዎች ከ1 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንኳ በአቅራቢያቸው ካለው ከባልጪት ይወስዱ ነበር። በድሬዳዋ አጠገብ በፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከተገኘው ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የመጣ አለበት።

ይህ ብቻውን ልውውጥ ነበረ አያሰኝም። ሰዎቹ አደን ሲከተሉ ራሳቸው አንሥተውት ይሆናል፤ ወይም ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ተላልፎ ይሆናል። ፍርፋሪው ፍንጭ ይሰጣል፤ ጥሬው ድንጋይና ልጣጩ ከተገኙ የተፈለጠው እዚያው ነው፤ ያለቀለት መሣሪያ ብቻ ከተገኘ ግን ተሠርቶ የመጣ ይመስላል። ያም ቢሆን ያመጣውን ሰው አይነግረንም።

በእኛም በኩል ታሪኩ አልጠፋም። በጣና ሰሜናዊ ዳር ከጎርጎራ ዋሻ የወጡትን የድንጋይ መሣሪያዎች ሉዊስ ሊኪ በ1943 እ.ኤ.አ. ጽፎባቸዋል። በመተማ ቆላም በሺንፋ ወንዝ ዳር ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዓሣ የሚያጠምዱና የሚያድኑ ሰዎች ትናንሽ የድንጋይ ጫፎችን ይሠሩ እንደ ነበር በ2024 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

እንግዲህ በደጋችን አንዲት የባልጩት ስንጥር ብትገኝ የረጅም መንገድ ምስክር ልትሆን ትችላለች። የተገኘችበት ስፍራ ካልታወቀ ግን ምስክርነቷ ይጎድላል። ከእኛም አንዳንዶቻችን በእረኝነት ዘመናችን የለቀምናቸው ስለታም ድንጋዮች ዛሬም በሣጥናችን አሉ፤ ከየትኛው ገደል እንዳነሣናቸው ግን ረስተናል። ስለዚህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ እንዲህ ያለ ድንጋይ ብናይ ከስፍራው ሳናነሣ ቦታውን ጽፈን ለመምህራኖቻችንና ለቅርስ ጠባቂዎች እናስታውቅ።