የጓሮው ባቡርና ፉርጎ ፈቺው እጅ

የኑረምበርጉ የአሻንጉሊት ድርጅት ሌማን፣ ኤል ጂ ቢ የሚባለውን የአትክልት ስፍራ ባቡር ለገበያ ያወጣው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ዝናብም ፀሐይም ይችላል። የሐዲዱ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ሲሆን ባቡሩ ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ ያንሳል። ሁለቱን ቁጥሮች ብታባዟቸው አንድ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባው የለገሃሩ ባቡር የሐዲድ ስፋትም ያው አንድ ሜትር ነበር። የድሬዳዋን መስመር በጓሮው ልሥራ ያለ ሰው እንግዲህ ልኩን የጠበቀ ሐዲድ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ባቡሩ ጽጌረዳውን እየዞረ ሲሄድ ማየት ደስ ይላል፤ ግን ቶሎ ይሰለቻል። ዋናው ጨዋታ የሚጀምረው ባቡሩ ሲቆም ነው፦ ጭነት የያዘውን ፉርጎ መጋዘኑ ደጃፍ መተው፣ ባዶውን መሳብ፣ መሃል የገባውን ለማውጣት ሌሎቹን ማሸጋሸግ። ለዚህ ሁሉ ፉርጎዎቹ መፈታት አለባቸው።

የኤል ጂ ቢ ፉርጎ ጫፍ ላይ ወደ ፊት የወጣ ቅስት አለ። በአንደኛው ጫፍ ከቅስቱ ሥር ደግሞ በሞላ ወደ ላይ የሚገፋ መንጠቆ ተቀምጧል። ሁለት ፉርጎዎች ሲገናኙ የአንዱ መንጠቆ በሌላው ቅስት ሥር ተንሸራቶ ያልፍና ቀና ብሎ ይይዛል። ማያያዝ እንዲህ በራሱ ያልቃል፤ መፍታት ግን ሰው ይፈልጋል። መንጠቆውን ከላይ ወደ ታች መጫን ነው ሥራው። ጣት በደንብ ስለማይገባ ብዙዎች ቀጭን ካቻቢቴ ወይም የእንጨት ስንጥር በኪሳቸው ይይዛሉ። ባቡሩ በጉተታ ላይ እንዳለ ግን መንጠቆው ተወጥሮ አይወርድም። መጀመሪያ ሎኮሞቲቩን ጥቂት ወደ ኋላ ገፋ ማድረግ፣ ሲላላ መንጠቆውን መጫን፣ እንደተጫነ ሎኮሞቲቩን ወደ ፊት ማስኬድ ያስፈልጋል። እውነተኛው የባቡር ሠራተኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ትዕግሥት ያጣ ሰው ፉርጎውን ብድግ አድርጎ ይለየዋል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መንኮራኩሮቹን አንድ በአንድ ሐዲዱ ላይ ሲመልስ ይውላል።

ባቡሩ እንዳይበጠስ ብለው ሁለቱም ጫፍ ላይ መንጠቆ የሚገጥሙ አሉ። አያያዙ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ሁለት መንጠቆ በአንድ ጊዜ መጫን ግድ ስለሚሆን እኔ ለጓሮ አልመክረውም።

የአሜሪካን ባቡር የሚወዱት እንደ ታጠፈ ጣት የሚቆላለፈውን ማያያዣ ይመርጣሉ። እሱ የሚፈታው ካቻቢቴውን ከላይ በሁለቱ መሃል አስገብቶ በማዞር ነው። የዚህ ማያያዣ አባት ኢላይ ጃኒ ነው፤ ፈጠራውን ያስመዘገበው በ1873 እ.ኤ.አ.። ከእሱ በፊት ሠራተኛው በሚጠጋጉ ፉርጎዎች መካከል ቆሞ ፒን በእጁ ይሰካ ነበር፤ በዚህ ሥራ ጣቱን ያጣው ብዙ ነው፣ የሞተም አለ። በ1893 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ፉርጎዎች ሲገናኙ በራሳቸው እንዲያያዙ፣ ሰው መሃላቸው ሳይገባም እንዲፈቱ አዘዘ። አውሮፓ ውስጥ ግን አብዛኛው የጭነት ባቡር ዛሬም በሰው እጅ ይያያዛል፣ በሰው እጅ ይፈታል።

ለጓሮ ባቡርም ቢሆን እጅን የሚተካ መሣሪያ አልጠፋም። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል የሚቀመጥ ተዳፋት አለ፤ ፉርጎው ሲያልፍበት መንጠቆውን ያስለቅቀዋል። ሳሎን ውስጥ ጥሩ ይሠራል። ደጅ ግን ቅጠል ይወድቅበታል፣ አፈር ይሞላዋል፣ ጠጠሩ ሲንሸራተት ከፍታው ይዛባል። ቢሠራም የሚፈታው ባለበት ቦታ ብቻ ነው፤ ስንጥር የያዘ እጅ ግን የትም ይፈታል። ስለዚህ ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አታባክኑ ባይ ነኝ። ይልቅ ፉርጎ የሚፈታበትን ቦታ እጅ በቀላሉ ከሚደርስበት ዳር አድርጉት፤ ጉልበት ለሚያማቸው ደግሞ ሐዲዱን በወገብ ልክ ከፍ አድርጎ መሥራት ይሻላል። መታጠፊያ ላይ ማያያዣዎቹ ስለሚጣመሙ መፍቻው ቀጥ ያለ ቦታ ይሁን። ሐዲዱ ትንሽም ቢሆን ካዘቀዘቀ፣ ፉርጎውን ሳትፈቱት በፊት ከመንኮራኩሩ ሥር ጠጠር ጣል አድርጉ።