ጋቢ የሚያስደርብ የሐሩር አገር

ተማሪዎች ሳለን የጂኦግራፊ መምህራችን የዓለምን ካርታ ከሰሌዳው ላይ ሰቅለው፥ ከምድር ወገብ በስተሰሜንና በስተደቡብ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ድረስ ያለው አገር ሁሉ የሐሩር ቀበቶ እንደሚባል፥ እኛም በዚያው ቀበቶ ውስጥ እንዳለን ነግረውን ነበር። በመጽሐፉ ላይ የነበረው ሥዕል ግን ዘንባባና ነጭ አሸዋ ያለበት የባሕር ዳርቻ ስለ ነበረ፥ ከዚያ ወዲህ የሐሩር አገር ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ይኸው የሰው አገር ሥዕል ሆኖ ቀረ። ባለፈው የገና ሰሞን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12ኛው ዲግሪ ላይ በምትገኘው በላሊበላ ከተማ፥ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት፥ አንዱ ጋቢ አልበቃን ብሎ ሁለተኛ ጋቢ ያረፍንበትን ቤት እመቤት ስንለምን፥ መምህራችን ትዝ አሉን።

ነገሩ የከፍታ ነው። አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ያለች በመሆኗ ፀሐይዋ የሐሩር፥ ሌሊቷ ግን የደጋ ነው። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ ዓመታት የአገር ጉብኝትን ሥራ ሲጀምሩ ኢትዮጵያን የ13 ወር ፀሐይ ያላት አገር ብለው ለዓለም አስተዋወቋት፤ መፈክሩም እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ ድረስ ኖረ። ስለ ጋቢው ለእንግዳው ማን ይነግረው እንደ ነበረ እንጃ።

አብሮን የሄደው ጓደኛችን በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ወጣት ሹም ነው። ለስብሰባና ለሥልጠና ዱባይንና ባንኮክን አይቷል፤ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ግን ተሻግሮ አያውቅም። እኛም ብንሆን ከእርሱ የተሻልን ሆነን አይደለም። በደሴና በወልድያ አድርገን ጋሸና ስንደርስ፥ መኪናው ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ሰሜን ታጠፈ። ወሩ ታኅሣሥ ስለ ነበረ በየአውድማው በሬዎች ያበራያሉ፤ በየገደሉ ወገብ ላይ ደግሞ ሰው እንዴት ቆሞ እንዳረሳቸው የማይገባን ትንንሽ ማሳዎች ተለጥፈዋል። ይህ ምድር በ1966ም በ1977ም ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ስሙ የተነሣ ነውና፥ ማሳውን በቀላል ዓይን ለማየት አልቻልንም።

ከተማ እንደ ገባን አንድ ወጣት አስጎብኚ ቀርቦ ዋጋውን ነገረን። ጓደኛችንም «እኛ የአገሩ ልጆች ነን፤ አስጎብኚ ምን ያደርግልናል?» ብሎ መለሰው። ወጣቱም ሳይቆጣ «ይሁን ወንድሜ፤ እንግዲያው ይህን ቤት ከየት ጀምረው እንደ ሠሩት ንገረኝ» አለው። ከፊታችን የነበረው ቤተ ጊዮርጊስ ነው። ጓደኛችን «ከመሠረቱ ነዋ!» አለ። ወጣቱ ሳቀ፤ እኛም ዋጋውን ሳንከራከር ተስማማን።

ሌላው ዓለም ቤት ሲሠራ ከመሠረት ይጀምራል፤ እነዚህ ግን ከጣራቸው የተጀመሩ ናቸው። መጀመሪያ በዓለቱ ዙሪያ ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ ትልቅ ድንጋይ መካከል ላይ ብቻውን እንዲቀር ይደረጋል፤ ከዚያም ከላይ ወደ ታች እየተጠረበ፥ በመስኮትና በበሩ በኩል ደግሞ ውስጡ እየተፈለፈለ ይወርዳል። ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ የላሊበላ ጠራቢ ግን ምሰሶ ቢሰብር የሚተካው ምሰሶ የለውም። በዚህ ዓይነት ከተሠሩት 11 አብያተ ክርስቲያናት ትልቁ ቤተ መድኃኔዓለም ርዝመቱ 33፥ ስፋቱ 23 ሜትር ያህል ነው። እኛን ከሁሉ ያስደነቀን ግን የውሃው ነገር ነው፤ በጉድጓድ ውስጥ የቆመ ቤት በክረምት ኩሬ መሆን ሲገባው፥ ጣራው አሸንዳ፥ ዙሪያው ቦይም መውረጃ ተበጅቶለት ውሃው ይሸኛል።

ንጉሡ ገብረ መስቀል ላሊበላ ሥራውን በ23 ዓመት እንደ ፈጸመው፥ ሰው ቀን የጠረበውን መላእክት ሌሊት እንደ ቀጠሉት የአገሩ ሰው ይናገራል። እንደ እንግሊዛዊው ዴቪድ ፊሊፕሰን ያሉ የሥነ ቁፋሮ ሊቃውንት ደግሞ ሥራው ከአንድ ንጉሥ ዘመን የሰፋ መሆኑን ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ቦታውን ያየው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ግን ከክርክሩ ይልቅ ያሳሰበው የአንባቢው ነገር ነበር፤ የሚያምነው ቢያጣ ብሎ፥ የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ማለ። መጽሐፉ በ1540 በሊስቦን ታተመ።

በበዓሉ ጧት በቤተ ማርያም ቅጽር ዙሪያ ነጭ ያልለበሰ ሰው አልነበረም። ግማሾቹ ካህናት ከላይ በዓለቱ አፋፍ፥ ግማሾቹ ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉን ሲያሸበሽቡ፥ ያን ሁሉ ሰው የተሸከመው ዓለት ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስል ነበር። ዕለቱ የንጉሡም የልደት ቀን እንደ ሆነ ይታመናል። ከአጠገባችን የቆሙ አንዲት ባልቴት ከሰቆጣ ወዲያ በእግራቸው 6 ቀን ተጉዘው እንደ መጡ ነገሩን። «እናንተስ ስንት ቀን ፈጀባችሁ ልጆቼ?» ሲሉን ጓደኛችን መልሱን ለእኛ ተወልን። አገርን ዞሮ ማየት ከፈረንጅ የመጣ ልማድ ይመስለን ነበር።

አስጎብኚያችን የራሱን ነገር የተናገረው ማታ፥ ጠላ ቤት ከተቀመጥን በኋላ ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ እንግዳውን አስቀረ። በሐምሌ 2013 መጨረሻ ጦርነቱ ደረሰና የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን ያዙ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም ካንዱ እጅ ወደ ሌላው ተፈራረቀች። በነሐሴ 2015 እንደገና ተኩስ ተሰማ። «ስለ ድንጋይ ለሰው ስተርክ የኖርሁ ሰው፥ ድንጋይ ተሸካሚ ሆንሁ» አለን፤ የቀን ሥራውን ማለቱ ነው። የበቅሎ አከራዩም፥ የመስቀል ጠራቢውም፥ ጫማ ጠባቂው ልጅም እንደዚሁ ነበሩ።

ድንጋዩም ቢሆን እንክብካቤ ይፈልጋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ቢመዘግበውም ዝናምና ፀሐይ መዝገብ አያነቡም። በ2008 እ.ኤ.አ. በአንዳንዶቹ ላይ ለጊዜው ተብሎ የቆመው የብረት መጠለያ እስካሁን እንደ ተገተረ ነው። ሕዝቡ ይወድቅብናል ብሎ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰልፍ ወጣ፤ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮንም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 መጥተው አገራቸው በጥገናው እንደምትረዳ ቃል ገቡ። የመጠለያውን መልክ እኛም አልወደድነውም። ነገር ግን ዛሬውኑ ይነሣ የሚሉ ሰዎች፥ ሐምሌ ሲገባ በስንጥቁ ላይ ምን እንደሚያለብሱበት ቢነግሩን ደስ ይለናል። ሌላም ሥጋት አለ፤ አፍሮ አይገባ የተባለው የቤተ መድኃኔዓለም መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ፥ ከቤልጅግ ድረስ ተፈልጎ በ2001 ነው የተመለሰው።

ከከተማው ወጣ ያለ እንደ ሆነ ሌላ ዓለም አለ። ከላሊበላ በፊት የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን፥ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ በአክሱም ሥርዓት የተገነባ ነው። በነአኵቶ ለአብ ዋሻ ከጣራው የሚንጠባጠበውን ጠበል በድንጋይ ገበታ ይቀበሉታል። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የሉም። እኛ ግን በበቅሎ እስከ አሸተን ማርያም ወጥተን፥ ትንፋሻችን ሲያጥር ተመለስን። ጓደኛችን የደከመችው በቅሎዋ ናት አለ።

በመመለሻችን ዕለት ጋቢዎቹን አጥፈን ለቤቱ እመቤት ስናስረክብ «ክረምት አትምጡ፤ ጭቃና ጉም ነው። ለመስቀል ኑ፥ ያን ጊዜ ተራራው ሁሉ አደይ ነው» አሉን። ጓደኛችን የአስጎብኚውን የስልክ ቁጥር በማስታወሻው ጽፎ፥ ከመስቀል አስቀድሞ የዕረፍት ፈቃድ መጠየቂያው መቼ እንደ ሆነ መንገዱን ሙሉ ሲያሰላ መጣ። ከላስታ የገዛው ማር ግን ወልድያ ሳንደርስ ከሻንጣው ውስጥ ፈሰሰ።